አርመናዊቷ ፒያኒስት ጅማ የመጡ ሰሞን

የአዳራሹ ኃላፊ በባጃጅ እስከ ሰፈራችን ጊንጆ መጥቶ አባቴን «የፒያኖ እግር ይሠራሉ?» ብሎ ሲጠይቀው አባቴ ከመላጊያው ቀና እንኳን አላለም።

«ስንት እግር አለው?»

«ሦስት።»

«በርጩማ ነው በለኛ! አምጣው።»

አባቴ ዕድሜ ልኩን የኖረው በእንጨት ነው። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ፣ በር፣ ቁም ሳጥንና የሙሽራ አልጋ እየሠራ አምስት ልጅ አሳድጓል። ፒያኖ ግን ነክቶ አያውቅም። ኃላፊው ላቡን እየጠረገ ነገሩን አስረዳው። በዓለም ትልልቅ አዳራሾች ሲጫወቱ አርባ ዓመት የሞላቸው አንዲት አርመናዊት ፒያኒስት አዲስ አበባ ኮንሰርት አላቸው፤ ከዚያ በኋላ «ጅማ ሳልሄድ አገሬ አልገባም» ብለዋል። ለምን ጅማ? እሱም አያውቅም። የሚያውቀው ሴትዮዋ ከአራት ቀን በኋላ እንደሚመጡ፣ የአዳራሹ አሮጌ ፒያኖ አንድ እግሩ በብሎኬት እንደተደገፈና እሱ ራሱ ምግብ አልወርድ እንዳለው ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ያን ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ወርክሾፑ ደጃፍ ተቀምጬ ደብተር እያረምኩ ነበር። «አንቺ ደግሞ አስተርጓሚ ነሽ፤ ርዕሰ መምህርሽን አስፈቅጄልሻለሁ» አለኝ። እኔን ግን የጠየቀኝ የለም። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩና «እሺ» የሚል ቃል ወጣኝ።

አውሮፕላን ማረፊያ የሄድነው ትልቅ አበባ ይዘን ነው። ኃላፊው ያሰበው ረጅም፣ ቀሚሷ መሬት የሚጠርግ ሴት ነበር፤ እኔም እንደዚያው። አንዲት ረጅም፣ የሐር ሻሽ ያሰረች ነጭ ሴት ብቅ ስትል ኃላፊው እየሮጠ ሄዶ አበባውን አስታቀፋትና «እንኳን ወደ ጅማ በሰላም መጡ!» አላት። ሴትየዋ በጣም ደስ አላት፤ አበባውን አሸተተች፣ ፎቶ ተነሣች፣ ከዚያም የሚጠብቃት መኪና ውስጥ ገብታ ሄደች። ለካ ቡና ገዢ ናት! እኛ አፋችንን ከፍተን ስናይ ከኋላችን አጠር ያሉ፣ ነጭ ፀጉራቸውን ቆርጠው ሸራ ጫማ ያደረጉ፣ በጀርባቸው ቦርሳ ያዘሉ ሴትዮ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

«አበባው ቆንጆ ነበር» አሉኝ በእንግሊዝኛ። «አሁን ፒያኖውን አሳዩኝ።»

ፒያኖውን! ያ ፒያኖ ማን እንዳመጣው የሚያስታውስ ሰው የለም። ለብዙ ዘመን የዋንጫ ማስቀመጫ፣ የማይክራፎን ገመድ መስቀያ፣ በስብሰባ ቀን ደግሞ የሻይ ፔርሙስ መደርደሪያ ሆኖ አገልግሏል። አባቴ በአራቱ ቀን ውስጥ ከዋንዛ አዲስ እግር ጠርቦ፣ አሽቶ፣ ቀለሙን አመሳስሎ ገጥሞለታል። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ሙሽራ መስሏል። ሴትዮዋ ተቀመጡና አንዱን ቁልፍ ነኩት። ቁልፉ ወረደ፤ ወርዶም ቀረ። ሌላውን ነኩ። ሁለት ድምፅ አንድ ላይ አወጣ፤ ሁለቱም የተጣሉ። ሦስተኛው «ጧ» አለ፣ ልክ በር እንደሚንኳኳ።

ኃላፊው ፊቱ ዐመድ መሰለ። ሴትዮዋ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«እንዲህ ያለውን ካየሁ አርባ ዓመት ሆነኝ» አሉ። «ወጣትነቴን መለሳችሁልኝ።»

ታሪኩን ያኔ ነው መስማት የጀመርኩት። ያደጉት በአርመን ዋና ከተማ በየሬቫን፣ ከጫማ ሰፊ ቤት ነው። ቤታቸው ፒያኖ አልነበራቸውም፤ ያለው ጎረቤት ዘንድ ነው። አምስት ዓመት ሲሞላቸው ጎረቤትየዋ «ሳህን አጥባ ከጨረሰች ትነካካ» ብላ ፈቀደች። «በሰፈራችን እንደኔ ሳህን አጣቢ አልነበረም» አሉኝ። ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲወጡ የመጀመሪያ ሥራቸው በየገጠሩ መዞር ሆነ። በየመንደሩ የሠራተኞች አዳራሽ አለ፣ በየአዳራሹ አንድ የታመመ ፒያኖ አለ። ቃኚ የሚባል ባለሙያ አብሯቸው አይሄድም። ስለዚህ ራሳቸው ተማሩ። ዛሬ በታላላቆቹ አዳራሾች ሦስት ሰው ፒያኖውን ቃኝቶ ቢጠብቃቸውም የመቃኛ ቁልፋቸው ከቦርሳቸው አይወጣም።

ቁልፉን መዘዝ አደረጉና ለአባቴ «ክዳኑን ክፈትልኝ» አሉት። ተረጎምኩ። አባቴ ግን፣ «እንግዳ ናቸው፤ ይቀመጡ፣ ሻይ ይጠጡ በያቸው» አለኝ። ይህንንም ተረጎምኩ። እሳቸው ሸሚዛቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡና ከፒያኖው ሥር ገቡ። አባቴም «ቢስሚላህ» ብሎ ተከትሏቸው ገባ።

አንድ ቀን ተኩል ከዚያ አልወጡም። እኔ መሬት ላይ በደረቴ ተኝቼ በሁለት ጥንድ እግሮች መካከል አስተረጉማለሁ። «ጠበቅ በለው»፣ «ላላ»፣ «መጋዙን»፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ ማሎ!» በኦሮምኛ «እባክዎ» የሚለውን ማሎን መተርጎም አላስፈለገኝም፤ ሴትዮዋ በሁለተኛው ሰዓት ራሳቸው «ማሎ! ማሎ!» ማለት ጀምረው ነበር። ከፒያኖው ሆድ ውስጥ የአይጥ ጎጆ ወጣ። አይጧ ጎጆዋን የሠራችው ከድሮ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው፤ አባቴ አንዷን ቁራጭ ብርሃን ላይ አውጥቶ «...በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲታይ...» ብሎ አነበበ። ኃላፊው ነጥቆ ኪሱ ከተታት።

አባቴ እንጨትን በጣቱ አንኳኩቶ ውስጡ ይሰነጠቅ አይሰነጠቅ ይለያል። ያ ጆሮው የፒያኖው ክር ላይም ሠራ። ሴትዮዋ ቁልፉን ሲያዞሩ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ «ገና... ገና... አሁን!» ይላል። እሳቸው ደግሞ ይደነግጣሉ፤ «አሁን» ያለበት ቦታ ልክ እሳቸው የሚሉበት ነዋ! የጠፋውን የእግር መርገጫ ከተረፈው ዋንዛ ቀርጾ ሲገጥምላቸው ግራ እጁን ያዙትና ተመለከቱት። ሌባ ጣቱ ግማሽ ነው፤ መጋዝ ከበላው ዘመን ሆኖታል።

«በዚህ እጅ ነው ይህን ሁሉ የምትሠራው?»

«ጣቱ ቀረ እንጂ ሙያው አልቀረም በያት እህቴን» አለ።

ሳቅ ብለው የራሳቸውን አንጓ አሳዩት። ረጅም ጠባሳ አለው። ስማቸው ጣራ በነካበት ዓመት በረዶ አዳልጧቸው ወድቀው ተሰበሩ። ሁለት ዓመት አልተጫወቱም። ከዚያ በፊት ደግሞ አገራቸው መብራትም ማሞቂያም ያጣችበት ክረምት ነበር፤ ጎረቤቶቻቸው የቤት ዕቃ ሰብረው ሲያነዱ እሳቸው ጫፉን የቆረጡት ጓንት አጥልቀው በጨለማ ይለማመዱ ነበር። «ሁለቱንም ጊዜ አበቃልኝ ብዬ ነበር» አሉ። «ሁለቱንም ጊዜ የመለሰኝ መሰልቸት ነው። ሌላ ሥራ ሁሉ ይሰለቸኛል።» አባቴ ይህን ስተረጉምለት «ወላሂ እውነቷን ነው፤ እኔም ጡረታ ብወጣ እሞታለሁ» አለ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ፒያኖው ፒያኖ ሆነ። ኃላፊው እጁን ዘርግቶ «አልሐምዱሊላህ» ሲል፣ ሴትዮዋ «እንግዲህ ወደ መጣሁበት ጉዳይ» ብለው ከቦርሳቸው አንድ ፎቶ አወጡ። ሁለት ወጣት ሴቶች በወፍራም ካፖርት በረዶ ላይ ቆመዋል። አንዷ እሳቸው ናቸው። ሌላዋ ፀጉሯን አፍሮ ያደረገች ሐበሻ።

«የአጋሮ ልጅ ናት። የሬቫን መጥታ እርሻ ስትማር አንድ መኝታ ክፍል እንጋራ ነበር» አሉኝ። «ከቤተሰቧ ጥሬ ቡና ተልኮላት ክፍላችን ውስጥ ስትቆላ ሕንፃውን በጢስ ሞላችው። እሳት አደጋ መጣ። ያን ቀን የተቆላውን ቡና ጠጥቼ፣ 'ትልቅ ሰው የሆንኩ ቀን አገርሽ መጥቼ እጫወትልሻለሁ' አልኳት። ከዚያ ዘመን ተገለባበጠ፤ ደብዳቤውም ተቋረጠ። እኔ ትልቅ ሰው ሆንኩ፣ ተብሏል። ያልተጫወትኩበት ቦታ አንድ እሱ ነው።»

«አድራሻ አለዎት?»

«አጋሮ።»

«አጋሮ ሰፊ ነው።»

«እሷ ደግሞ ትጮኻለች» አሉ በሙሉ እምነት።

ኃላፊው በተዋሰው መኪና ወጣን። ወቅቱ የቡና ለቀማ ነው፤ መንገዱ ዳር ዳሩን በየደጃፉ የተሰጣ ቀይ ፍሬ፣ በየኮረብታው ጆንያ የተሸከመ ሰው። ሴትዮዋ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ለሁሉም እጃቸውን ያወዛውዛሉ። በየመሐሉ ስለተጫወቱባቸው ከተሞች ያወሩኛል። በመጀመሪያ የውጭ አገር ኮንሰርታቸው መሐል ላይ ዜማው ጠፍቷቸው ሁለት ደቂቃ ሙሉ ከራሳቸው እየፈጠሩ ተጫወቱ፤ በማግስቱ ጋዜጣው ያን ሁለት ደቂቃ ለይቶ አመሰገነ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋዜጣ አላነብም» አሉኝ።

አጋሮ ስንደርስ አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ የተቀመጡ ሽማግሌዎችን በኦሮምኛ ጠየቅሁ። ድሮ ሩቅ አገር እርሻ የተማሩ፣ የቡና ባለሙያ የነበሩ እናት እንፈልጋለን አልኩ። አንዱ አዛውንት ሳያስጨርሱኝ፣ «ቡና መሬት ላይ ያሰጣን ሰው የሚያባርሩት?» አሉኝ። ሁሉም በአንድ ጊዜ እጃቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ቀሰሩ። «ድምፃቸውን ተከተሉ!»

እውነትም ድምፃቸውን ተከተልን። ከአንድ ግቢ ውስጥ፣ «ይሄ ቡና ነው ወይስ ጠጠር? አልጋ ላይ አስጣ አላልኩህም? አላልኩህም ወይ?» የሚል ተሰማ። አልጋ የሚሉት ቡና ማድረቂያውን፣ ከመሬት ከፍ ያለውን ቆጥ ነው። አንዲት ቀጭን አሮጊት ጃንጥላቸውን እንደ ዱላ ይዘው ከእሳቸው ሁለት እጥፍ የሚረዝም ጎልማሳ ፊት ቆመዋል። ጎልማሳው አንገቱን ደፍቷል።

ፒያኒስቷ በር ላይ ቆሙና አንድ ቃል ተናገሩ። ራሺያኛ ነው፣ የተማሪነት ዘመን ቋንቋቸው፤ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። አሮጊቷ ዞሩ። አዩ። ጃንጥላው ወደቀ። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች እንደ ኮረዳ እየጮኹ ተሯሯጡ፤ ተቃቅፈው ዞሩ፣ ዞሩ፣ አንዱ የቡና አልጋ ላይ ተደገፉና አልጋው ከነቡናው ወደ ጎን ጋደለ። ቡናው መሬት ላይ ተዘረገፈ። ሲቆጡት የነበረው ጎልማሳ ቀና አለ፤ የሚቀጥለውን ጠበቀ። አሮጊቷ መሬት ላይ የፈሰሰውን ቡና አዩ፣ ጓደኛቸውን አዩ፣ ከዚያም ሳቃቸውን ለቀቁት።

ሾፌራችን ኃላፊው በክርኑ ጎሸመኝ። «ምን እያሉ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! በራሺያኛ ነው እኮ!»

ወደ ጅማ ስንመለስ አስተርጓሚነቴ አበቃ። እኔ ከፊት ወንበር፣ እነሱ ከኋላ፤ እስከ ጅማ አንድ ቃል ሳይገባኝ ሳቃቸው እየተጋባብኝ ሳቅሁ። አዴ፣ አሮጊቷን ሁሉም የሚጠሯቸው እንዲያ ነው፣ «እመት» እንደ ማለት፣ አልፎ አልፎ ያዝኑልኝና «'ለምን ዘገየሽ?' አልኳት» ወይም «'ቡናውን አንቺ ነሽ ያሳረርሽው' ትለኛለች፣ ውሸቷን ነው» ብለው ይተረጉሙልኛል። እኔ አስተርጓሚዋ አስተርጓሚ ወጣልኝ።

ኮንሰርቱ በማግስቱ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ነበር፤ ከዐስር ሶላት በፊት እንዲያልቅ አባቴ አስቀድሞ አስጠንቅቋል። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የኔ ተማሪዎች አሉ፣ የገበያ ነጋዴዎች አሉ፣ ከቦሳ አዲስ ሰፈር በባጃጅ ተጭነው የመጡ የአባቴ ደንበኞች አሉ፤ ብዙዎቹ የመጡት እግሩን ለማየት ነው። አባቴ ኮቱን ለብሶ ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጦ ለሚያልፍ ለሚያገድመው «የግራው፣ የግራው ነው የኔ» ይላል።

ከመጀመሩ በፊት ሴትዮዋ አንድ ነገር ነገሩኝ። ሌላውን ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል፤ አንዱን ሥራ ግን ያገራቸው ልጅ ገና የጻፈው ስለሆነ ከወረቀት ያነባሉ። ገጽ የሚገልጥላቸው ሰው ያስፈልጋል።

«ኖታ ማንበብ አልችልም!» አልኩ።

«አትጨነቂ። በራሴ ምልክት እሰጥሻለሁ።»

መድረክ ላይ አጠገባቸው ቆምኩ። ጀመሩ። ወዲያው አንድ ያላሰብኩት ነገር ገባኝ፤ ሴትዮዋ ሲጫወቱ ራሳቸው አያርፍም! ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ላይ፣ ታች። የትኛው ነው የኔ ምልክት? አንዱን መርጬ ገለጥኩ። አልነበረም። ቀኝ እጃቸው ሳያቋርጥ ግራ እጃቸው ብድግ ብሎ ገጹን መለሰው። እንደገና ገለጥኩ፤ ሁለት ገጽ አንድ ላይ። አሁን ወደ እኔ ዞረው በሳቅ የታፈነ ፊታቸውን አሳዩኝ፤ ጣቶቻቸው ግን ይሮጣሉ። ከዚያ በኋላ የተጫወቱት ወረቀቱ ላይ የነበረውን ይሁን ከራሳቸው የፈጠሩትን አላህ ይወቀው። ሕዝቡ እኔ የትርዒቱ አካል መስዬው በገለጥኩ ቁጥር ያጨበጭባል። ተማሪዎቼማ ቆመው ነው!

ከዚያ ዝናቡ መጣ። በዚያ ወቅት አይጠበቅም ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ። ፒያኖው አፉን ቢከፍትም ድምፁ አይሰማም። ሴትዮዋ እጃቸውን አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉ። በዚያች ቅጽበት አዴ ከፊት ረድፍ ብድግ አሉ።

«ቡናው!»

አዳራሹ እንዳለ ተነሣ። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይጮኻል፤ «ሸራውን! ሸራውን አልብሺው!»፣ «ና! ቶሎ ና፣ አልጋውን ሸፍን!»፣ «ጆንያ ውስጥ ክተቱት!» አንዳንዱ ወደ በሩ ይሮጣል። አዴ በአንድ እጃቸው ስልክ በሌላው ጃንጥላ ይዘው አጋሮን በሙሉ ያዝዛሉ።

ፒያኒስቷ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም! የተሰጣ ቡና ዝናብ ከመታው ይበላሻል። ለየቤታቸው እየደወሉ ነው።»

አሰቡ። «አርባ ዓመት ስጫወት ሰው በመሐል ሲወጣብኝ አይቻለሁ» አሉ። «እንዲህ ባለ ጥሩ ምክንያት ግን የመጀመሪያው ነው።»

ከዚያ ወደ ፒያኖው ተመልሰው በወፍራሞቹ ድምፆች በሙሉ ክንዳቸው ይመቱ ጀመር። ዝናቡን ተከተሉት። ሲበረታ ይበረታሉ፣ ረገብ ሲል ረገብ ይላሉ። ተማሪዎቼ ቀድመው ገባቸው፤ ማጨብጨብ ያዙ። ስልኩን የጨረሰ ሁሉ እየተመለሰ አጨበጨበ። ወደ በሩ የሮጡት በሩ ላይ ቀሩ፤ በዚያ ዝናብ የት ይሄዳሉ? አባቴ ሁለት እጁን አንሥቶ ያጨበጭባል፤ ሲያጨበጭብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ መድረክ ላይ ቆሜ፣ የሚገለጥ ገጽ ሳይኖረኝ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ እየዘለልኩ ነበር። ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ አስተማሪ!

ዝናቡ እንደ አመጣጡ በድንገት ቆመ። ከጣሪያው ጫፍ ጠብታው ብቻ ቀረ። ሰው እየሳቀ፣ ትንፋሽ እየቆረጠው ተቀመጠ። ያኔ ሴትዮዋ ጣታቸውን አቀለሉና አንድ አጭር፣ ቀስ ያለ ዜማ ተጫወቱ። ያገራቸው የሕፃን ማስተኛ ነው አሉኝ በኋላ። አዴ ያውቁት ነበር መሰል ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሲጨርሱ ማንም አላጨበጨበም፤ ከዚያ አባቴ «ማሻአላህ» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ሰው ሁሉ ተቀበለው።

ለዐስር ሶላት ደረስን።

የአጋሮ ቡና አብዛኛው ተርፏል። የአዴ ትእዛዝ ከዝናቡ ቀድሞ ነበር የደረሰው። ሴትዮዋ ሦስት ቀን አጋሮ ከርመው፣ ፍሬ ሲለቅሙ ውለው፣ ጣቶቻቸው በእሸት ቡና ጭማቂ ተጣብቀው ተመለሱ። ሲሰናበቱን አባቴን በእንግሊዝኛ ሳይሆን በራሳቸው በቃኙት ኦሮምኛ «ገለቶማ» ብለው አመሰገኑት። እሱም በእንግሊዝኛ «ቴንክዩ» አላቸው። እኔ መሐላቸው ቆሜ የሚተረጎም አጣሁ።

አሁን በየወሩ በቪዲዮ ይደውላሉ። አንድ ጊዜ ከቶኪዮ፣ አንድ ጊዜ ከቦነስ አይረስ። አባቴ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ስልኩን ዝቅ አድርጊ፤ እግሩን አሳዪኝ» ይላቸዋል። ያሳዩታል። ብዙውን ጊዜ ራሱን ይነቀንቃል፤ የእንጨቱ አመራረጥ አይጥመውም። ባለፈው ዓመት አዴ በዚያ ዕድሜያቸው አውሮፕላን ተሳፍረው የሬቫን ሄዱ። በጆንያ ቡና ይዘው ሄደው የጓደኛቸው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ቆሉት፤ እሳት አደጋ ግን አልመጣም፤ «ዘመን ተለውጧል፣ ሰው ሰነፍ ሆኗል» ብለው አማረሩልኝ።

ባለፈው ሳምንት ፒያኒስቷ ደውለው ደክሞኛል፣ ዘንድሮ ኮንሰርት እቀንሳለሁ አሉኝ። ለአባቴ ነገርኩት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደወሉ፤ ከኋላቸው የሻንጣ መንኮራኩር ይንኳኳል፣ በረራ ይጠራል። ወዴት ነው ስላቸው ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን አገር ጠሩልኝ። አባቴ መላጊያውን ሳይለቅ፣ «እዚያ ምን ዓይነት ዛፍ እንደሚበቅል ጠይቂልኝ» አለ።